የልጆቻችን የምግብ ትምህርት የማን ሥራ ነው?



ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የምንጠይቃቸው ጥያቄዎች በየቤቱ ተመሳሳይ ናቸው። «የቤት ሥራ አለህ?» «ፈተናው እንዴት ነበር?» «ምሳሽን በላሽ?» ምሳ ዕቃውን ከፍተን ሳይነካ የተመለሰውን ምግብ ስናይ እንቆጣለን፣ አንዳንዴም እናዝናለን። «ዛሬ ስለ ምግብ ምን ተማራችሁ?» ብለን የምንጠይቅ ግን ብዙ አይደለንም። ብንጠይቅም መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «ምንም» ነው።

ይህ «ምንም» ከልጆቹ ስንፍና የመጣ አይደለም። ሲዲሲ የሚባለው የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደሚለው፣ የልጆችን የአመጋገብ ልማድ ለመለወጥ በዓመት ከ40 እስከ 50 ሰዓት የሥነ ምግብ ትምህርት ያስፈልጋል። የአሜሪካ ተማሪዎች የሚያገኙት ግን በዓመት ከ8 ሰዓት ያነሰ ነው። ስምንት ሰዓት አንድ ልጅ ቅዳሜና እሑድ በስልክና በቴሌቪዥን ፊት ሊያሳልፍ የሚችለው ጊዜ ነው። እዚያ ደግሞ የስኳር መጠጥና የቺፕስ ማስታወቂያ ያለ ዕረፍት ያስተምረዋል።

የክፍል መምህሯን መውቀስ አይገባም። ንባብ ታስተምራለች፣ ሒሳብ ታስተምራለች፣ ለፈተና ታዘጋጃለች፤ ብዙ ጊዜም ስለ ሥነ ምግብ በቂ ሥልጠና አላገኘችም። የሥነ ምግብ ባለሙያው በበኩሉ ዕውቀቱ አለው፣ ነገር ግን የልጆቹን ስምና ጠባይ አያውቅም፤ በእኛ ቤት ምን እንደሚበላም አያውቅም። እኛ ወላጆች የቤታችንን ድስት እናውቃለን፣ በልጆቻችን ክፍል ውስጥ ግን ድምፅ የለንም። እያንዳንዱ ወገን አንድ አንድ ቁራጭ ይዞ ለየብቻው ተቀምጧል። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ይህን ሸክም እንዴት ልንካፈለው እንደምንችል የሚመለከት ነው።

ባለሙያ ስንል ማንን ነው?

«የማኅበረሰብ ባለሙያ» ሲባል ነጭ ጋውን የለበሰ ሐኪም ብቻ ወደ አእምሯችን እንዳይመጣ። በእርግጥ በሆስፒታልና በጤና ጣቢያ የሚሠራ ዳይቲሽያን የመጀመሪያው ሰው ነው። ከእሱ ሌላ ግን ብዙዎች አሉ። የጥርስ ሐኪም ረዳት ስኳር ጥርስን እንዴት እንደሚበላ ከማንም በተሻለ ታሳያለች። ገበሬ ካሮት ከአፈር ሲወጣ ምን እንደሚመስል ያሳያል፤ ካሮት ተልጦ በላስቲክ ታሽጎ የሚበቅል የሚመስላቸው ልጆች አሉና። የትምህርት ቤቱ ካፊቴሪያ ኃላፊ ልጆቹ በየቀኑ ምን እንደሚያነሡና ምን እንደሚጥሉ ከሁሉም በላይ ታውቃለች፤ የሚገርመው፣ ብዙ ጊዜ ማንም አይጠይቃትም።

ከእኛም ወገን ባለሙያ ሞልቷል። በአሜሪካና በአውሮፓ ነርስ የሆኑ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ምግብ ቤት ያላቸው፣ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ፣ በጓሯቸው ጎመንና ቃሪያ የሚተክሉ እናቶች አሉ። ሽሮን ከአተሩ ምርጫ ጀምራ እስከ ቅመሙ ድረስ የምታውቅ አያት በምግብ ጉዳይ ባለሙያ ካልተባለች ማን ሊባል ነው? ዳይቲሽያኑ ስለ ፕሮቲን ያውቃል፣ እማማ ስለ ሽሮ ያውቃሉ። ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ሲገናኙ ልጁ የሚማረው ነገር ሙሉ ይሆናል።

ሌሎች እንዴት ሠሩት?

ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በአሜሪካ በ1914 በወጣ ሕግ የመንግሥት የእርሻ ዩኒቨርሲቲዎች ዕውቀታቸውን ከግቢያቸው አውጥተው ለገበሬውና ለቤተሰቡ እንዲያደርሱ ተደረገ። ይህ አገልግሎት «ኤክስቴንሽን» ይባላል። ከ1969 ጀምሮ ደግሞ ኤፍኔፕ የተባለ ፕሮግራም በእነዚሁ ዩኒቨርሲቲዎች በኩል ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ቤተሰቦችና ለልጆቻቸው የሥነ ምግብ ትምህርት ይሰጣል። የኤፍኔፕ አንዱ ትልቅ ብልሃት አስተማሪዎቹን ብዙ ጊዜ ከዚያው ማኅበረሰብ መርጦ ማሠልጠኑ ነው። ሰው ከሚያውቀው ጎረቤቱ የሰማውን ቶሎ ይቀበላላ።

በካሊፎርኒያ፣ በበርክሊ ከተማ ደግሞ አሊስ ዋተርስ የተባለች የታወቀች የምግብ ቤት ባለቤት በ1995 ከአንድ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጋር ሥራ ጀመረች። ወደ አንድ ኤከር የሚሆን መሬት የአትክልት ቦታ ሆነ፣ ማብሰያ ክፍልም ተዘጋጀ። ልጆቹ ይተክላሉ፣ ይለቅማሉ፣ ያበስላሉ፣ አብረው ተቀምጠው ይበላሉ። ይህ አሠራር በኋላ ለብዙ ትምህርት ቤቶች አርአያ ሆኗል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ዲሲም ፉድፕሪንትስ የተባለ ፕሮግራም በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ በአትክልት ቦታና በማብሰያ ክፍል ሥነ ምግብን ከሳይንስና ከሒሳብ ጋር አቀናጅቶ ያስተምራል።

ከአሜሪካ ውጭም እንመልከት። ጃፓን በ2005 ስለ ምግብ ትምህርት ራሱን የቻለ ሕግ አወጣች፤ በዚያው ዓመትም የሥነ ምግብ መምህር የሚባል የሥራ መደብ በትምህርት ቤቶች ተጀመረ። ልጆቹ ምሳ በየተራ ለጓደኞቻቸው ያቀርባሉ፤ የምሳ ሰዓት ራሱ እንደ ትምህርት ክፍለ ጊዜ ይቆጠራል። በእንግሊዝ ከ2014 መስከረም ጀምሮ ምግብ ማብሰልና ሥነ ምግብ እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጆች የሥርዓተ ትምህርቱ ግዴታ ሆኗል። ስለዚህ ለንደን ወይም ሊድስ ያላችሁ ወላጆች «እናንተ ጋ ይህ ትምህርት እንዴት ይሰጣል? መርዳት እንችላለን?» ብላችሁ ብትጠይቁ ትምህርት ቤቱ የሚያውቀውን ነገር ነው የምትጠይቁት።

አሁን ይህን ጉዳይ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት በትምህርት ቤቶችና በየሠፈሩ የምግብ ትምህርት ሲሰጡ ከነበሩት ትልልቅ ፕሮግራሞች አንዱ ስናፕ ኤድ ነበር። በ2025 ሐምሌ የወጣው የበጀት ሕግ የዚህን ፕሮግራም የፌዴራል ገንዘብ ከመስከረም 2025 መጨረሻ ጀምሮ አቋረጠ። ኤፍኔፕ ቀጥሏል፣ የሁለቱን ቦታ ግን ብቻውን ሊሞላ አይችልም። በብዙ ቦታ ወደ ክፍል ትመጣ የነበረችው አስተማሪ አሁን አትመጣም ማለት ነው። ክፍተቱን የሚሞላ ሰው ካልተገኘ የሚሞላው ማስታወቂያው ነው።

የእኛ ማዕድ በክፍል ውስጥ

ለእኛ ልጆች ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ስለ ጤናማ ምግብ የሚያስተምሩት ሥዕሎች ላይ ምን እንደሚታይ አስተውላችኋል? ብሮኮሊ፣ የተጠበሰ ዶሮ፣ ቡናማ ሩዝ፣ ፖም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት። ሁሉም ጥሩ ምግብ ነው። ግን ልጁ ሥዕሉን አይቶ ወደ ቤት ሲመጣ የሚጠብቀው እንጀራ፣ ምስር ወጥና ጎመን ነው። ማንም በግልጽ ሳይነግረው በልቡ አንድ ነገር ሊደመድም ይችላል፦ «ጤናማው ምግብ የእነሱ ነው፤ የእኛ አይደለም።» በዚያ ላይ በምሳ ሰዓት አንድ ልጅ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው የሚሸተው?» ካለው ነገሩ አለቀ። በማግሥቱ እንጀራውን ቤት ትቶ ይሄዳል፣ ወይም ይዞት ይሄድና ሳይከፍተው ይመለሳል። ልጁ ያን ቀን ምሳውን አጣ፤ ከምሳው ጋር ግን ሌላም ነገር አጥቷል።

እስቲ ያንኑ ምሳ ዕቃ በባለሙያ ዓይን እንየው። ጤፍ ሙሉ እህል ነው፤ ፍሬው በጣም ትንሽ ስለሆነ ከነገለባው ይፈጫል፣ ስለዚህ አሰሩ (ፋይበሩ) አይጠፋም። ካልሲየምና አይረን አለው፣ ግሉተን የለውም። ምስርና ሽሮ ፕሮቲንና አሰር ይሰጣሉ። ጎመን በቪታሚን የበለጸገ ነው። የምሳ ሣህኑ ግማሽ አትክልትና ፍራፍሬ፣ ቀሪው እህልና ፕሮቲን ይሁን የሚለው ምክር በእኛ በየዓይነቱ ላይ ያለ ብዙ ድካም ይሠራል፤ እንጀራውን ትንሽ ቀነስ፣ ጎመኑንና ሰላጣውን ጨመር ማድረግ ነው። ልጁ ይህን ከእናቱ አፍ ሲሰማ «እማዬ ደግሞ ጀመረች» ይላል። በክፍሉ ጓደኞች ፊት ከዳይቲሽያን አፍ ሲሰማው ግን ቀና ብሎ ይቀመጣል።

ባለሙያው ለእኛም የሚጨምርልን አለ። አይረን በምግብ ውስጥ መኖሩና ሰውነት መውሰዱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከምስርና ከጤፍ የሚገኘውን አይረን ሰውነት በደንብ የሚወስደው ቪታሚን ሲ ካለው ምግብ ጋር ሲበላ ነው፤ ሎሚ የተጨመቀበት የቲማቲም ሰላጣ ወይም ከምግብ በኋላ አንድ ብርቱካን ይበቃል። ሻይና ቡና ግን አይረኑ በሚገባ እንዳይወሰድ ያደርጋሉ። በብዙ ቤታችን ከምሳ በኋላ ለልጅም ሻይ ይቀዳል። ሻዩን አንድ ሁለት ሰዓት ማዘግየት ገንዘብ አያስወጣም።

በእንግሊዝና በሌሎች የሰሜን አውሮፓ አገሮች ላላችሁ ደግሞ የቪታሚን ዲ ነገር አለ። አገር ቤት ፀሐዩ የሚሠራልንን ሥራ እዚህ ደመናው ይከለክለናል። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት ቆዳቸው ጠቆር ያለ ሰዎች ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ ቪታሚን ዲ መውሰድን እንዲያስቡበት ይመክራል። ይህን ከአያቶቻችን ልንሰማው አንችልም፤ እነሱ አላስፈለጋቸውም ነበር።

ጾምም እንደዚሁ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ የጾም ቀናት በዓመት ከ180 በላይ ናቸው። የጾሙን ሥርዓት የማያውቅ ባለሙያ ልጁን «ወተት ጠጣ፣ እንቁላል ብላ» ብሎ ይሸኘዋል፤ ልጁም በትምህርት ቤቱና በቤተ ክርስቲያኑ መካከል ይቆማል። የሚያውቅ ባለሙያ ግን የጾም ምግባችን በጥራጥሬ የታደለ መሆኑን ተናግሮ፣ በተፈጥሮ ከእንስሳት ተዋጽኦ ብቻ የሚገኘውን ቪታሚን ቢ12 በምን መተካት እንደሚቻል ይጨምራል። ረጅም ጾም የሚጾም ልጅ ካላችሁ ይህን ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ይገባል። በረመዳን ለሚጾሙ ልጆችም የስፖርት መምህሩ አስቀድሞ ቢያውቅ ለልጁ ይጠቅመዋል።

አንድ ነገር ላይ ግን ባህላችንና የባለሙያው ምክር ይጋጫሉ። ይኸውም «በሞቴ፣ አንድ ጉርሻ!» የምንለው ነው። ኤለን ሳተር የተባለችው አሜሪካዊት ዳይቲሽያን ያስተማረችው አንድ መርሕ ዛሬ በብዙ ሐኪሞች ዘንድ ይሠራበታል፦ ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ ወላጅ ይወስናል፤ ምን ያህል እንደሚበላ፣ ይብላ አይብላም የሚለውን ልጁ ይወስናል። ይህ ለእኛ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ለእኛ ማጉረስ ፍቅር ነው። ጉርሻ ይቅር ማለት ግን አይደለም። «ጠገብኩ» ያለን ልጅ እስኪጨርስ ማስገደድና በደስታ ቀን አንድ ጊዜ ማጉረስ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጉርሻው ይኑር፣ ግዴታው ይቅር።

ከየት እንጀምር?

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል። ትምህርት ቤቱ ካልጠየቅነው አይጠራንም። በአሜሪካ ላላችሁ አንድ የሕግ በር አለ፣ ብዙ ወላጆችም አያውቁትም። በ2004 በወጣ ሕግ መሠረት በፌዴራሉ የምሳ ፕሮግራም የሚሳተፍ የትምህርት ቤት አስተዳደር ሁሉ «ዌልነስ ፖሊሲ» የሚባል የጤና ፖሊሲ እንዲኖረው ግዴታ ነው። በ2010 የወጣው ሌላ ሕግ ይህን አጠንክሮ፣ ወላጆችና ሌላው ሕዝብ በፖሊሲው ዝግጅት፣ አፈጻጸምና ግምገማ እንዲሳተፉ መፈቀድ እንዳለበት ደንግጓል። ፖሊሲው ለሕዝብ ይፋ መሆን አለበት፤ በየሦስት ዓመቱም መገምገም አለበት። ስለዚህ «የዌልነስ ፖሊሲያችሁን ላይ እፈልጋለሁ፤ ኮሚቴው መቼ ይሰበሰባል?» ብሎ መጠየቅ ውለታ መለመን አይደለም።

«እንግሊዝኛዬ አይበቃም» ብላችሁ ወደ ኋላ አትበሉ። የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኙ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ በሚገባ የማይችሉ ወላጆችን በሚረዱት ቋንቋ የማነጋገር ግዴታ አለባቸው፤ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ አትከፍሉበትም። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት። በዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ በ2004 በወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት መሥሪያ ቤቶች ሰነድ ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው።

ሥራውን ለመጀመር እነዚህ እርምጃዎች ይረዳሉ።

አንደኛ፣ ብቻችሁን አትሂዱ። ሁለት ሦስት ወላጆች ሆናችሁ ተነጋገሩ፤ ከሌላ አገር የመጡ ጎረቤቶችንም ጨምሩ። ከኤልሳልቫዶር ወይም ከቬትናም የመጣችውም እናት የምታስበው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛ፣ ለክፍል መምህሯ አጭር ኢሜይል ጻፉ። «በዚህ ዓመት ስለ ምን ታስተምሪያለሽ? ከዚያ ጋር የሚሄድ የአንድ ሰዓት የምግብ ትምህርት ማዘጋጀት እንፈልጋለን» በሉ። መምህር አዲስ ሥራ ሲጨመርባት ትሸሻለች፤ ሥራ ሲቀልላት ግን በሯን ትከፍታለች።

ሦስተኛ፣ ባለሙያ ፈልጉ። በምትኖሩበት ክፍለ ሀገር ያለውን የኤክስቴንሽን ቢሮ፣ የጤና ጣቢያውን ዳይቲሽያን፣ የትምህርት ቤቱን ነርስ ጠይቁ። በዲሲ ዙሪያ ያላችሁ የዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲን አስታውሱ፤ ሙሉ በሙሉ ከተማ ውስጥ የሚሠራ የአገሪቱ ብቸኛ የእርሻ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያም የየራሳቸው ኤክስቴንሽን አላቸው።

አራተኛ፣ የትምህርት ቤቱን ደንብ አስቀድማችሁ እወቁ። በጎ ፈቃደኛ ብዙ ጊዜ የጀርባ ምርመራ ማለፍ አለበት፤ ይህ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ቤት የተሠራ ምግብ ወደ ክፍል ማስገባት በብዙ ቦታ ይከለከላል። ስለዚህ ምግቡን ፈቃድ ካለው ምግብ ቤት ማምጣት፣ ወይም ያለ ቅምሻ ማስተማር ሊያስፈልግ ይችላል።

ይህ ሁሉ ረጅም መንገድ ከመሰላችሁ ደግሞ ከራሳችን ቤት ጀምሩ። ቅዳሜና እሑድ አማርኛ የሚማሩበት ክፍል፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱ፣ መስጊዱ፣ የኮሚዩኒቲው አዳራሽ አለ። በገልፍ አገሮች ልጆቻችሁን በማኅበረሰብ ትምህርት ቤት የምታስተምሩም እንዲሁ። በጉባኤው መካከል ነርስ አትጠፋም። ከትምህርቱ በኋላ ለልጆቹ የሚቀርበው ለስላሳና ዶናት ከሆነ፣ የመጀመሪያው ትምህርት እሱን በውኃና በብርቱካን መለወጥ ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ምን ይመስላል?

ሰው ነገሩን በዓይኑ ካላየ አይጨብጠውምና አንድ ምሳሌ እናቅርብ። ለሦስተኛ ወይም ለአራተኛ ክፍል የሚሆን፣ የአንድ ሰዓት ትምህርት ነው።

መጀመሪያ እያንዳንዱ ልጅ መዳፍ ላይ ጥቂት የጤፍ ፍሬ ይደረጋል፤ ከጎኑ አንድ የስንዴ ፍሬ። የአንዲት ስንዴን ክብደት ለመድፋት ወደ 150 የጤፍ ፍሬ ያስፈልጋል ይባላል። ልጆች መቁጠር ይወዳሉ፤ ይቁጠሩ። ከዚያ ሁለት የመስተዋት ዕቃ ይታያል፦ በአንዱ ዛሬ የተቦካ ሊጥ፣ በሌላው ከሦስት ቀን በፊት የተቦካ። አንዱ ዝም ብሏል፣ ሌላው አረፋ ይዟል። «አረፋው ከየት መጣ?» በእርሾው ውስጥ ያሉ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ጋዝ ሠርተዋል፤ የእንጀራው ዓይን የሚወጣው በዚሁ ጋዝ ነው። የሳይንስ መምህሯ ከዚህ ወዲያ ማንም አያስቆማትም።

ቀጥሎ ዳይቲሽያኑ የለስላሳ ቆርቆሮ ያወጣል። አንድ 355 ሚሊ ሊትር የኮካ ኮላ ቆርቆሮ 39 ግራም ስኳር አለው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ወደ 4 ግራም ነው። ልጆቹ ራሳቸው አካፍለው በማንኪያ እየሰፈሩ ብርጭቆ ውስጥ ያድርጉት፤ አሥር ማንኪያ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ከ2 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች የሚመክረው የተጨመረ ስኳር በቀን ከ25 ግራም በታች ነው። ልጆቹ ይህን ለማነጻጸር ማንም አይረዳቸውም። ብርጭቆውን አይተው ቤት ሄደው ይናገራሉ።

በመጨረሻ የሚቀመስ ነገር ከተፈቀደ ትንሽ ቁራጭ እንጀራ ከምስር ጋር ይቀመሳል። ያልፈለገ አይገደድም። ልጅ አዲስ ምግብ ለመልመድ ከ8 እስከ 15 ጊዜ መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል፤ ስለዚህ ዛሬ ፊቱን ያጠቆረ ልጅ አልተሸነፈም፣ ጀመረ እንጂ። በዚያ ሰዓት የእኛን ልጅ ተመልከቱት። እንጀራ እንዴት እንደሚቆረስ ለጓደኞቹ የሚያሳየው እሱ ነው።

ጥንቃቄ የሚያሻቸው ነገሮች

በር ስንከፍት ማን እንደሚገባ ማየትም የእኛ ድርሻ ነው። «የሥነ ምግብ አማካሪ ነኝ» የሚል ሁሉ ባለሙያ አይደለም። በእንግሊዝ «ዳይቲሽያን» የሚለው መጠሪያ በሕግ የተጠበቀ ነው፣ «ኒውትሪሽኒስት» የሚለው ግን አይደለም። በአሜሪካ የተመዘገበ ዳይቲሽያን ለመሆን ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ለፈተና ለመቀመጥ የማስትሬት ዲግሪ ያስፈልጋል። ስለዚህ «የተመዘገብሽ ዳይቲሽያን ነሽ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ዱቄትና ክኒን ሊሸጥ የመጣን ሰው፣ ወይም የራሱን ምርት ማስታወቂያ የያዘ ድርጅትን ወደ ልጆች ክፍል አናስገባ።

ሁለተኛው አለርጂ ነው። ኦቾሎኒ እንደሚያሰጋ ብዙዎቻችን እናውቃለን። በአሜሪካ ከ2023 ጀምሮ ሰሊጥም በምግብ መለያ ላይ መጻፍ ካለባቸው ዘጠኝ ዋና ዋና አለርጂ አምጪዎች አንዱ ሆኗል። ቆሏችን ውስጥ ኦቾሎኒ አለ፣ በጾም ምግባችን ሰሊጥ አለ። ጤፍ ግሉተን የለውም ብለን ያመጣነው እንጀራም የስንዴ ወይም የገብስ ዱቄት የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል፤ ውጭ አገር ከሚሸጠው ብዙው እንዲህ ነው። ግሉተን ለማይስማማው ልጅ ይህ ቀልድ አይደለም። የገዛነውን ሰው «ንጹሕ ጤፍ ነው?» ብለን እንጠይቅ።

ሦስተኛው ቃላችን ነው። ልጆችን ክፍል ውስጥ መመዘን፣ «ወፍራም»፣ «ቀጭን» እያሉ ማወዳደር፣ ምግብን «መጥፎ» ብሎ መሰየም አይገባም። ቤቱ በርገር ብቻ የሚገባለት ልጅ እናቱ ሁለት ሥራ ስለምትሠራ ሊሆን ይችላል። «በየቀኑ የምንበላው» እና «አንዳንዴ የምንበላው» ማለት በቂ ነው። ይህ ለእኛም ይሠራል፤ ዘመድ ሲመጣ ልጅን አቁመን «ተመልከት እንዴት ወፍራለች!» ማለት አገር ቤት ምርቃት ቢሆንም እዚህ ያደገች ልጅ እንደዚያ አትሰማውም።

ትምህርቱ ቤት ሲመጣ

አንድ ሰዓት፣ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ 50 ሰዓት አይሆንም። የቀረውን የሚሞላው ቤቱ ነው። ልጁ የተማረውን ይዞ ሲመጣ በሩ ላይ አናጥፋበት። «ለስላሳው አሥር ማንኪያ ስኳር አለው አሉ» ሲል «እሺ፣ እስቲ የእኛን ጭማቂ አብረን እናንብብ» እንበል። ገበያ ስንሄድ መለያውን እሱ ያንብብልን፤ በአሜሪካ መለያዎች ላይ የተጨመረው ስኳር አሁን ለብቻው ተጽፏል። ሽንኩርት መላጥ ባይችል ምስር ይልቀም፣ ሰላጣ ይጠብ፣ ሎሚ ይጭመቅ። ወንድ ልጅም ሴት ልጅም። አብሮ የሠራውን ምግብ ልጅ አይንቅም።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ እናድርግ። ልጃችን ከትምህርት ቤት ሲመለስ «ዛሬ ስለ ምግብ ምን ተማራችሁ?» ብለን እንጠይቀው። «ምንም» ካለን ለመምህሯ ሦስት መስመር እንጻፍ፤ አንድ የምናውቃትን ነርስ ወይም ዳይቲሽያን ስልክ እንደውል፤ እንጀራ የምትጋግርልንንም እናት «አንድ ቀን ከልጆች ጋር ትቆሚያለሽ?» ብለን እንጠይቃት። ሃምሳውን ሎሚ ማንም ብቻውን አይሸከምም፤ አንድ አንዱን ግን ሁላችንም ማንሣት እንችላለን።